ድልድይ ሠሪ ጎራዴ ምን ያደርግለታል? የአንድ ስፔናዊ መሐንዲስ ጎራዴ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዴት ወደ እኛ መጣ

ማድሪድ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ጥገና ቤት እሠራለሁ። አራት ሰዎች ነን። የሚመጣልን ሥራ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መቅረዝ፣ የድሮ ሰዓት፣ የሣጥን ቁልፍ ነው። ጎራዴም አልፎ አልፎ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ቶሌዶ ከተማ ለቱሪስት የሚሸጠው የግድግዳ ጌጥ ስለሚሆን አለቃዬ ገና ከሩቅ አይቶ ራሱን ይነቀንቃል።

ይሄኛውን ሲያይ ግን መነጽሩን ፈለገ።

ያመጡት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ጎራዴውን በመታጠቢያ ፎጣ ጠቅልለው፣ አትክልት በሚገዙበት ባለጎማ ቦርሳ ከተው፣ በሜትሮ ተሳፍረው መጡ። እጀታው ከቦርሳው አፍ ወጥቶ ይታያል። ማንም ምንም አላለኝም አሉ። በዚያ ዕድሜ ጎራዴ ይዞ መዞር ሳይቀል አይቀርም።

«የቅድመ አያቴ ነው። የጦር መሐንዲስ ነበር፤ ኩባ ላይ ተዋግቶበታል» አሉን።

ጉዳዩን የምመዘግበው ይህ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ወር ያህል ስላሳሳተን ነው። የቤተሰቡን ስምና የባለጎራዴውን የሥራ ቦታዎች ሆን ብዬ ትቻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ፦ መሐንዲሱና ጎራዴው

እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እንደ እናንተ ነው። መንገድ የሚቀይስ ሰው ጎራዴ ምን ያደርግለታል?

መልሱ ያለው የስፔን መንግሥት መሐንዲሶቹን ባደራጀበት መንገድ ውስጥ ነው። በ1799 መንገድና ቦይ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1802 ደግሞ አጉስቲን ዴ ቤታንኩር የሚባል፣ ተኔሪፌ ደሴት ላይ የተወለደ ሰው፣ ማድሪድ ውስጥ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። አርአያው ፈረንሳይ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ዕድለ ቢስ ነበር። በ1808 የናፖሊዮን ጦር ሲገባ ተዘጋ፤ በ1820 ተከፍቶ በ1823 እንደገና ተዘጋ፤ ለዘለቄታው የተከፈተው በ1834 ነው። ቤታንኩር ያን አላየም። ሩሲያ ተሻግሮ የዛሩ መሐንዲስ ሆነና በ1824 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ሞተ።

ከዚያ ትምህርት ቤት የሚወጡት «የመንገድ፣ የቦይና የወደብ መሐንዲሶች ጓድ» አባል ይሆናሉ። ስማቸው ረጅም ስለሆነ ስፔኖች በአጭሩ «ካሚኖስ» ይሏቸዋል፤ «መንገዶች» ማለት ነው። ጓዱ የሲቪል ቢሆንም አሠራሩ የጦር ይመስላል። ማዕረግ አለው፤ ዕድገቱ በተራ ነው፤ የደንብ ልብስም አለው። ለሥነ ሥርዓት ቀን ወርቀ ዘቦ ጥልፍ ያለበት ኮት፣ ሁለት ጫፍ ያለው ባርኔጣ፣ በግራ ጎን ደግሞ ቀጭን ጎራዴ። ይህ ጎራዴ «ኤስፓዲን» ይባላል። «ኤስፓዳ» ጎራዴ ነው፤ ኤስፓዲን ትንሿ ጎራዴ እንደማለት ነው።

ስለቱ አይሳልም። የሚሰነዘርበት ሰው የለም። ጥቅሙ የሚገባችሁ አንድ ድልድይ የሚመረቅበትን ቀን ስታስቡ ነው። የአውራጃው ገዥ ለብሶ ይመጣል፤ ጳጳሱ ለብሰው ይመጣሉ፤ የጦር አዛዡ ጎራዴውን ታጥቆ ይመጣል። ድልድዩን የሠራው ሰው ተራ ኮት ለብሶ መሐላቸው ቢቆም የገዥው ጸሐፊ ይመስላል። ጎራዴው «እኔም የመንግሥት ሰው ነኝ» የሚል ወረቀት ነበር፤ ከብረት የተሠራ ወረቀት። ልማዱ የስፔን ብቻም አይደለም። ኤኮል ፖሊቴክኒክ የሚባለው የፈረንሳይ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዛሬም በሰልፍ ቀን ጎራዴና ባለሁለት ጫፍ ባርኔጣ ያደርጋሉ።

ደግሞም ጓዱ የዋዛ አልነበረም። በ1858 የሎሶያን ወንዝ ውሃ ማድሪድ ያስገቡት እነሱ ናቸው። ከ1847 ዕቅድ በኋላ በባሕሩ ዳርቻ ሁሉ ለመርከብ መሪ የሚሆኑትን የመብራት ማማዎች የተከሉትም እነሱ ናቸው። የባርሴሎናን አዲስ ከተማ የነደፈው ሰርዳ ከዚሁ ጓድ ነው። ደጋግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሳጋስታም፣ በ1904 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ኤቼጋራይም የመንገድ መሐንዲሶች ነበሩ።

ችግሩ

ጎራዴው ሲመጣ አራት ነገር ተደራርቦበት ነበር።

ከሰገባው አይወጣም። ሰገባው ጥቁር ቆዳ ነው፤ አፉና ጫፉ በናስ የታሰረ። ቆዳው በዘመናት ደርቆ ተኮማትሯል። ናሱ ያወጣው አረንጓዴ ዝገት ደግሞ አፉ ላይ እንደ ሙጫ ደርቋል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የመምህርቷ የወንድም ልጅ ለቤተሰብ ግብዣ ይድመቅ ብሎ እጀታውን በሱቅ የናስ መወልወያ ፈትጎታል። አንዱን ጎን ብቻ። ሲደክመው ተወው፤ እግዜር ይስጠው። እጀታው በወርቅ የተቀባ ናስ ነው። ቅቡ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። መወልወያው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ መሰል ነገር ወርቁን ከእድፉ ጋር አብሮ ወሰደው። አሁን አንዱ ጎን ሐመር ያለ የጥንት ወርቅ፣ ሌላው ጎን አዲስ የበር እጀታ የሚመስል ቢጫ ናስ ሆኗል። ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ የእኛ ሰዎች።

ሦስተኛው ክርክሩ ነው። ጎራዴው የሦስት ያክስትና ያጎት ልጆች የጋራ ንብረት ነው። አንዱ «የጦር ጀግና ጎራዴ ነው፤ ደህና ዋጋ ያወጣል፤ ይሸጥ» ይላል። ሜክሲኮ የሚኖረው ሌላው «እኔ ጋ ይምጣ» ይላል። መምህርቷ ደግሞ እውነቱ መጀመሪያ ይታወቅ አሉ።

አራተኛው፣ ባለጎራዴው በእርግጥ ማን ነበር? የሚለው ነው።

ምን አደረግን

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልነካንም። ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አነሳን፤ ለካን። መያዣው በዛጎል ሰሌዳ ተለብጧል። እጅ መከለያው ላይ ደግሞ አንድ ዓርማ ጎበጥ ብሎ ይታያል፤ ግን ያ የወንድም ልጅ የተወው መወልወያ ደርቆ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ሞልቶታል። በዘውድ ሥር ግንብ የመሰለ ነገር ታየን። ቅስት ያለው በርም ያለው መሰለን።

እዚህ ላይ ተሳሳትን። የስፔን ጦር መሐንዲሶች ዓርማ ግንብ ነው። መምህርቷም የጦር መሐንዲስ ብለውናል። ሁለቱ ገጠሙ። ችግሩ ቋንቋው ውስጥም አለ። ስፔንኛ «ኢንሄኒዬሮ» ሲል ድልድይ የሚሠራውንም ድልድይ የሚያፈርሰውንም ይጠራበታል። በአማርኛም እኮ ያው ነው። መሐንዲስ ብለን የመንገዱን እንጠራለን፤ የጦር መሐንዲስም አለን። እኔ ይህን እያወቅኩ እንኳ አልጠረጠርኩም።

ስለዚህ የድሮ መኮንኖች የግል ማኅደር ወደሚገኝበት ወደ ሴጎቪያው የጦር መዝገብ ቤት ጻፍን። ከሰባት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። በዚህ ስም የተመዘገበ መኮንን የለም። መምህርቷ አዘኑ። ይሸጥ ያለው ዘመድ «መዝገቡ ጠፍቶ ነው» አለ። አለቃዬ ግን «እስቲ ዓርማውን እንጠበው» አለ። ይህን ከመጻፋችን በፊት ማድረግ ነበረብን።

ጽዳቱ አድካሚ ነው እንጂ የተወሳሰበ አይደለም። በቀጭን እንጨት ጫፍ ጥጥ መጠቅለል፣ በተጣራ ውሃና በጣም ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ማርጠብ፣ ማሽከርከር እንጂ አለመፈተግ፣ ጥጡን መጣል፣ ሌላ መጠቅለል። ጉድጓዱ ውስጥ የደረቀውን በተሳለ ቀርከሃ መልቀም። ብረት አይነካውም። በሁለተኛው ቀን ከግንቡ ሥር አንድ የተጠማዘዘ ነገር ብቅ አለ። እንደ መንጠቆ። ትንሽ ቆይቶ በሌላው በኩል ጓደኛው ወጣ። መልሕቅ!

የግንብ በር የመሰለን የድልድይ ቅስት ነበር። ድልድይና መልሕቅ፤ የመንገድ፣ የቦይና የወደብ ጓድ ዓርማ። የጦር ግንብ መልሕቅ የለውም። የማዕድን መሐንዲስ ቢሆን ኖሮ የተጠላለፉ መዶሻዎች እናገኝ ነበር። አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ሰገባው። መጀመሪያ የማዕድን ዘይት ጠብ አድርገን አንድ ሌሊት አሳደርነው። አልሠራም። ዘይቱ ወደ ስለቱ ከመግባት ይልቅ ወደ ቆዳው ገባ። ዛሬም የሰገባው አፍ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ጠቆር ያለ እድፍ አለ። የኛ ሥራ ነው። ስህተቱ ግልጽ ነው፤ የያዘው ዝገት ብቻ መስሎን የተኮማተረውን ቆዳ ረሳነው።

ሁለተኛው መንገድ ቀስ ያለ ነበር። ጎራዴውን በተዘጋ ሣጥን አስቀምጠን የአየሩን እርጥበት በጥቂት በጥቂቱ ወደ 55 በመቶ ከፍ አደረግን። ከዚያ በላይ ቢሄድ ብረቱ ይዝጋል። በአራተኛው ቀን ቆዳው ለስለስ አለ። የአፉን አረንጓዴ ዝገት በቀርከሃ ለቀምን፤ ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ በስለቱና በቆዳው መሐል ቀስ እያልን አስገባን። አለቃዬ ሰገባውን ያዘ፤ እኔ እጀታውን። ሳላጣምም፣ ሳልወዘውዝ፣ ቀጥ አድርጌ ሳብኩ። ሦስቴ እምቢ አለ። በአራተኛው ወጣ።

ስለቱ 74 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ሥሩ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። እንደ ጠበቅነው አልተሳለም። ሥሩ አጠገብ «ፋብሪካ ዴ ቶሌዶ» የሚል በአሲድ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ይህ በ1761 በንጉሥ ካርሎስ 3ኛ ዘመን የተመሠረተው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። በ1996 ተዘግቶ ግቢው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከጽሑፉ በላይ ዘውድና የንጉሥ ስም ምልክት አለ፤ የላቲኑ «A» ፊደልና በሮማውያን ቁጥር 12። አልፎንሶ 12ኛ ማለት ነው፤ የነገሠው ከ1874 መጨረሻ እስከ 1885። ንጉሡ ራሱ ቀኑን ጻፈልን ማለት ይቻላል። ዘውዱም ይናገራል። በ1931 ሪፐብሊክ ሲታወጅ የንጉሡ ዘውድ ከመንግሥት ዓርማ ላይ ወርዶ የከተማ ቅጥር የሚመስል ዘውድ ተተካ። ዕቃው ላይ የትኛው ዘውድ እንዳለ ማየት ብቻውን ብዙ ያሳጥራል።

የአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ጎራዴ ነበረች። ልጅ ሆነን ስለቷ ላይ ያለውን የአንበሳ ሥዕል እናይ ነበር እንጂ የተሠራችበትን አገር የሚናገረውን የላቲን ፊደል ማንም አላነበበውም። አውሮፓ ውስጥ ተሠርተው፣ የይሁዳ አንበሳና የግዕዝ ጽሑፍ ተቀርጾባቸው የመጡ ስለቶች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። እዚህ ቤት ስለት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ሥሩን የማየው ከዚያ ጸጸት የተነሳ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የት እንደምንፈልግ አወቅን። የሲቪል መሐንዲስ ሹመትና ዝውውር «ጋሴታ ዴ ማድሪድ» በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ይወጣ ነበር። የድሮ ቅጂዎቹ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። የጓዱ የራሱ መጽሔት «ሬቪስታ ዴ ኦብራስ ፑብሊካስ» ከ1853 ጀምሮ እየታተመ ነው፤ እሱም ተቃኝቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ በአንድ የቤተሰብ ስም ፈልገን ጎርፍ መጣብን። ስፔኖች የአባትና የእናት ሁለት የቤተሰብ ስም ስላላቸው ሁለቱን ስናስገባ ደግሞ ምንም አልመጣም። ኮምፒውተሩ የደበዘዘውን የድሮ ሕትመት አሳስቶ ያነብባል። አንዷን ፊደል በሌላ እየተካን ስንሞክር ሰውየው ብቅ አለ።

ታሪኩ አጭር ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ተመረቀ። በ1880ዎቹ ወደ ኩባ የመንግሥት ሥራዎች ቢሮ ተዛወረ። ኩባ ያኔ የስፔን ግዛት ነበረች። መንገድና የመብራት ማማ ላይ ሠርቶ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ስፔን በአሜሪካ ተሸንፋ ኩባን ባጣችበት በ1898 እሱ ሰሜን ስፔን ውስጥ የአንድ ወደብ ግንባታ ይመራ ነበር።

ስለዚህ ቤተሰቡ አልዋሸም። ኩባም እውነት ነው፤ መሐንዲስነቱም፣ ጎራዴውም እውነት ነው። ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ መሐሉን ጦርነት ሞላው። ጎራዴና ኩባ አንድ ላይ ሲነሱ ሌላ ነገር የሚያስብ ስፔናዊ ማግኘት ከባድ ነው።

የተሳካውና ያልተሳካው

ስለቱ ተርፏል። የላይ ዝገቱን በቀርከሃና በቀላል ዘይት አነሳን፤ ቅርጹ ከነዝርዝሩ አለ። በመጨረሻ ስስ ሰም ቀባነው።

የጠፋው ወርቅ አልተመለሰም። ያ ሻጭ ዘመድ «በአዲስ ወርቅ ይቀባ» ብሎ ነበር። አለቃዬ እምቢ አለ። አዲስ ለመቀባት የቀረውንም አሮጌ ወርቅ መፋቅ ያስፈልጋል፤ ያኔ ሁለቱም ጎን የእኛ ይሆናል እንጂ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አይሆንም። እኔ በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ፤ ደንበኛ ግን ሁሌ አይወደውም።

የሽያጩ ሐሳብ በራሱ በረደ፤ የጦር ጀግናው ከሌለ ይሸጥ ላለው ዘመድ ጉጉቱም የለም። የሜክሲኮው ጉዳይ ግን ሕግ ነበረበት። በስፔን በ1985 በወጣው የታሪክ ቅርስ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ100 ዓመት ያለፈ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ጎራዴው የተሠራው ቢዘገይ በ1885 ነው። በሻንጣ ይዞ መሄድ የለም። ፈቃድ መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ተነጋግረው ማድሪድ ይቅር አሉ። ለሜክሲኮው ዘመድ የፎቶውንና የሰነዱን ሙሉ ጥራዝ ላኩለት። ደስ ብሎታል ተባልን። እኔ እንጃ።

ለሌላ ጉዳይ የሚሆን ትምህርት

ትልቁ ስህተታችን ዓርማውን በታሪኩ ዓይን ማንበባችን ነው። ግንብ እንድናይ ተነግሮን ግንብ አየን። አሁን በቤታችን ሥርዓቱ ተለውጧል። የቤተሰቡን ታሪክ አንዱ ሰው ይሰማል፤ ዕቃውን ታሪኩን ያልሰማ ሌላ ሰው ያያል። ሁለቱ ማስታወሻ ጎን ለጎን የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤ የሚጻፈውም ዕቃው ጸድቶ ከተነበበ ወዲያ ነው። ታሪኩን ግን አንጥልም። ኩባን ባይነግሩን ኖሮ ጋዜጣው ውስጥ ያገኘነው ሰው እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ እንቸገር ነበር።

ጎራዴና የቆዳ ሰገባ ለየብቻ ይቀመጡ። ሰው አንድ ላይ ካላየ ጎደለ ይለዋል፤ ነገር ግን ቆዳው እርጥበትና አሲድ ይይዛል፤ ብረቱን የሚበላው እዚያው ውስጥ ሆኖ ነው። በባዶ እጅ አለመንካትም ያው ነው። የጣት ላብ ብረት ላይ የሚተወው አሻራ ከወራት በኋላ ዝገት ሆኖ ይመጣል።

መወልወያ ደግሞ አይነካም። ይህን ለኛም ሰው እላለሁ። የአያት የብር መስቀል፣ የጎራዴ እጀታ፣ የጋሻ ጌጥ ቤታችን አለ። ለበዓል በሎሚና በአመድ መፈተግ እናቶቻችን የሚወዱት ነገር ነው። ያበራል፤ እውነት ነው። በየዓመቱ ግን ከቅርጹና ከቅቡ ጥቂት ጥቂት ይሄዳል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ማንሳት ይበቃል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ጎራዴው መምህርቷ ቤት፣ ምኝታ ክፍል ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ሰገባው ከሥሩ ባለው መሳቢያ ነው። ከሁለቱም ጋር የሥራ ዝርዝራችን አለ። የወንድም ልጁ የፈተገው ጎንም፣ እኛ ያፈሰስነው ዘይትም ከነቀናቸው ተጽፈዋል።

ሊረከቡ ሲመጡ የወንድም ልጃቸው አብሮ መጥቶ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ማጥፋቱን ሰምቶ በጣም አፍሯል። እጀታውን ግራና ቀኝ እያገላበጠ ብዙ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሁለቱ ጎኖች እንዲመሳሰሉ ሌላውንም ቢፈትገው ምን ይመስለኛል?